ያልቦካ ውሃ



ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወንድማችን ቤቴ ለዚያራ መጥቶ፣ ሳሎን ጥግ ያለውን የጨው ውሃ አኳሪየም ቆሞ ሲያይ ቆየና "እኔም ለልጆቼ ልገዛ ነው። ዛሬ ሳጥኑን ወስጄ ነገ ዓሣዎቹን አስገባለሁ" አለኝ። "ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቁጭ በል" አልኩት። አቦል ተጀምሮ በረካ እስኪደርስ የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፍላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከዓሣ ሳይሆን ከአባቴ ነው። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ ቁልቁል ይወርድና ሚሌን አልፎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አሰብ ይገባል። ሲመለስ ለእኛ የሚያመጣልን ቴምርና ወሬ ነው። ወሬው ሁሌም ስለ ባሕሩ ነበር። "ውሃው ከመስታወት ይጠራል፤ ጎንበስ ብለህ ስታይ ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ባለ መስመሩ ዓሣ እንደ ሰርገኛ ተሰልፎ ያልፋል" ይለን ነበር። እኛ ከቦርከና ሌላ ውሃ የማናውቅ ልጆች ነን፤ ዓሣ ማለት ግራጫ ነው። እናቴ ደግሞ ከጓዳ ሆና "ሾፌርና ወሬ!" ትላለች። አንድ ጊዜ መዳፍ የምትሞላ ዛጎል ይዞ መጣና ቡፌው ላይ አስቀመጣት። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። አባቴ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ፤ አሰብን ግን ዳግመኛ ሳያያት ሞተ።

ከእሱ በኋላ እናቴ ብቻዋን ቀረች፤ ወደዚህ ወደ ቨርጂኒያ አመጣኋት። ያችን ዛጎል በነጠላ ጠቅልላ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው መሀል ሻንጣዋ ውስጥ ይዛት መጥታለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እናቴን አምጥቼ አራተኛ ፎቅ ላይ አሰርኳት። እኔ ኤርፖርት ታክሲ ነኝ፤ ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። እሷ መስኮት ስር ተቀምጣ መኪና ትቆጥራለች። በኮምቦልቻ በሯ ተዘግቶ የማያውቅ ሴት እዚህ በሩን የሚያንኳኳባት የእቃ አድራሽ ብቻ ሆነ። ክረምቱ ገብቶ በረዶ ሲጥል ጭራሽ ድምጿ ጠፋ። በየጁሙዓው አንድ ጊዜ ብቻ "ትኬት ቁረጥልኝ" ትላለች፤ እኔም በየጁሙዓው "ኢንሻአላህ" እላለሁ። ይሄ "ኢንሻአላህ" የምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

አንድ ቀን ጥርሷን አሟት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ግድግዳ የሚያህል የባሕር ውሃ አኳሪየም አለ። ስሟ ተጠርቶ አልሰማችም። መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ቆማለች። ቢጫው አለ፣ ሰማያዊው አለ፣ ባለ መስመሩም አለ። ዞር ብላ "ያ ሰውዬ አልዋሸም ለካ" አለችኝ። ከሞተ ጀምሮ ስለ አባቴ ስታወራ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ሳጥን ገዛሁ።

20 ጋሎን ይሉታል፤ 75 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። ለጨው ውሃ ትንሽ የሚባል መጠን ነው፤ ትንሽ በመሆኑ ደግሞ ይቀላል ብዬ ነበር። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ብዙ ውሃ ስህተትን ይሸከማል፤ ትንሽ ውሃ ወዲያው ይመረዛል፣ ወዲያው ይበርዳል፣ ወዲያው ይሞቃል። ክብደቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ውሃው ብቻ 75 ኪሎ ነው፤ መስታወቱ፣ አሸዋውና ድንጋዩ ሲጨመር 100 ኪሎ ይጠጋል። የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ላይ ልጭነው ስል ሚስቴ ናት ያስጣለችኝ።

የሸጠልኝ ልጅ አንድ ጠርሙስ የባክቴሪያ ፈሳሽ ጨመረልኝና "ይህን አፍስስበት፣ ነገ ዓሣ አስገባ" አለኝ። የማይቸኩል ሰው ቢሆን ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን ለጁሙዓ መድረስ ፈልጌያለሁ፤ "ትኬት" የሚለው ቃል ሳይመጣ። በሁለተኛው ቀን ልጆች ኒሞ የሚሏቸውን ብርቱካናማ ክላውንፊሾች ሁለቱን አስገባሁ። ልጆቹ በደስታ ጮኹ። እናቴ ወንበሯን ከመስኮቱ አንስታ ወደ ሳጥኑ አዞረች። ልጆቹም እንዳይራባቸው እያሉ በእፍኝ ምግብ ይበትናሉ፤ የተረፈው ታች ወርዶ ይበሰብሳል።

በአምስተኛው ቀን ለሱብሒ ስነሳ አንዱ በጎኑ ተንሳፏል። ሌላው ውሃው አፋፍ ላይ ሆኖ አፉን እየከፈተ ያለከልካል። ውሃ ቀየርኩለት፤ እስከ መግሪብ አልቆየም። የ9 ዓመቷ ልጄ አልቅሳ አልቅሳ ሳትበላ ተኛች። እናቴ ግን አላለቀሰችም፤ ዝም ብላ ቆየችና "ድመቷን አስራ የገደለችውን ሴት መድረሳ አላስተማሩህም?" አለችኝ። ከዚያ በላይ ምን ይባላል?

ያን ሌሊት ሳነብ አደርኩ። ዓሣ በሚተነፍስበት ስንጥብም ሆነ በኩሱ አሞኒያ ያወጣል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ነው። በባሕር ውስጥ ይህ መርዝ ወዲያው ይጠፋል፤ በ75 ሊትር ውስጥ ግን የሚሄድበት የለም፤ የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ አሞኒያውን በልቶ ናይትራይት ያደርገዋል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሁለተኛው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይሄኛው በመጠኑ ከሆነ ብዙ አይጎዳም፣ ውሃ ሲቀየር ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ዋና ቤታቸው የድንጋዩ ቀዳዳና አሸዋው ነው። ተራብተው እስኪበቁ ደግሞ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ፈሳሹን ስላፈሰስክ ብቻ በአንድ ቀን አይደርስም። ከዚያ በፊት የገባ ዓሣ የገባው ባዶ ቤት አይደለም፣ ሽንት ቤት ነው።

ጠዋት ይህንን ለእናቴ በተቻለኝ መጠን አስረዳኋት። ስሰማ ትቀልዳለች ብዬ ነበር። ጤፍ እያቦካች ነበርና እጇን ሳታነሳ "ታዲያ ያልቦካ ውሃ ውስጥ ነዋ የጣልካቸው" አለች። "እርሾ አላበጀህለትም። እኔ እዚህ የመጣሁ ጊዜ እንጀራው እምቢ ያለኝ ለምን ሆነና? ከጎረቤት እርሾ ስለሌለ። አንተም እርሾ ያለው ሰው ፈልግ።"

ያነበብኩት ሁሉ በዚህች ዓረፍተ ነገር ተጠቃለለ። በአኳሪየም ሰዎችም ዘንድ የታወቀው መንገድ ይኸው ነው፤ ከቆየ ሳጥን ላይ አንድ ድንጋይ ወይም ትንሽ አሸዋ ለምነህ አዲሱ ውስጥ ትጨምራለህ። ባክቴሪያው ከእሱ ተነስቶ ይራባል።

እርሾ ያለው ሰው ደግሞ ከአጠገቤ ነበር። ኤርፖርት ወረፋ ላይ አብሮኝ የሚቆም አንድ የፖርት ሱዳን ሰው አለ። ቀይ ባሕር ዳር ያደገ ነው፤ ሻዕብ ሩሚ ስለሚባለው የከተማው ሪፍ ተናግሮ አይጠግብም። እ.ኤ.አ. በ1963 ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ ውሃው ስር ቤት ሠርቶ ሰዎች 30 ቀን እንደኖሩበት፣ የአንዱ ቤት ብረት እስካሁን እዚያው እንደቆመ የነገረኝ እሱ ነው። በቤቱ 8 ዓመት የሆነው አኳሪየም አለው። የሆነውን ስነግረው ሳቀብኝ፤ ከዚያ ሁለት ጭብጥ የሚያህሉ ድንጋዮች በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ገንዘብ አልተቀበለኝም። እናቴ "የእርሾ ዋጋ አይጠየቅም" ብላ አንድ ቆርቆሮ ድፎ ላከችለት።

ከእንደገና ጀመርን። በዚህኛው ዙር ሁሉንም በሥርዓቱ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ወይም ክሎራሚን ስላለበት፣ ሌላም የማይታይ ነገር ስለማያጣ፣ በደንብ ከተጣራ ውሃ ነው የሚሠራው። እናቴ "እኛ የምንጠጣውን ዓሣ ይጠየፈዋል?" ብላ ገረማት። ለአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል የባሕር ጨው ይገባል፤ የወጥ ቤት ጨው አይደለም፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያለበት ለዚሁ የተዘጋጀ ነው። በባልዲ ውስጥ በፓምፕ እየተማሰለ ያድራል፤ በማግስቱ ጨዋማነቱ በመለኪያ ይታያል፤ 1.025 ሲሆን ደርሷል። ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ። ፓምፕ ውሃውን አፋፉ ላይ ማናወጥ አለበት፤ ዓሣው የሚተነፍሰው አየር የሚገባው በዚያ ነው።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ለባክቴሪያው ምግብ እንዲሆን በመጠኑ አሞኒያ ጨመርን፤ ዓሣ የለም። ጎረቤት ሲመጣ ባዶ ውሃና ድንጋይ እናሳያለን። ልጄ በየሁለት ቀኑ መመርመሪያ ጠብታ እያንጠባጠበች ቀለሙን ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ እናቴ በዓይኗ ታረጋግጣለች። አሞኒያ አረንጓዴ ሲሆን መርዝ አለ፤ ቢጫ ሲሆን ንጹሕ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አሞኒያው ወርዶ ናይትራይቱ ወጣ። ድንጋዩን ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር አለበሰው፤ እናቴ ጨርቅ ይዛ ልትወለውል ስትል ደረስኩባት። አዲስ ሳጥን ላይ ሁሌ የሚመጣ ነው፣ በራሱ ይሄዳል። በ38ኛው ቀን አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆኑ። እናቴ ቡና አፈላች።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንድም ጁሙዓ "ትኬት" አላለችም። እኔም ልብ ያልኩት ኋላ ነው።

ዓሣ መምረጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሱቅ ውስጥ ርካሹና ጠንካራው ሰማያዊው ዳምሰል ነው፤ ሲያዩት ዕንቁ ይመስላል። አብዛኞቹ ግን አንድ ጊዜ ጥጉን ከያዙ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ይነክሳሉ። ሐኪም ቤት ያየነው ቢጫው ታንግ ሰፊ መዋኛ ይፈልጋል፤ በ75 ሊትር ማስገባት ግፍ ነው። እኔ በልቤ የፈለግኩት ሌላ ነበር፦ የቀይ ባሕሩን ክላውንፊሽ፣ ሁለት ነጭ መስመር ያለውን፣ አባቴ አሰብ ላይ ሊያየው የሚችለውን። ሱዳናዊው ወዳጄ እጁን አወናጨፈ። "የአገሬ ዓሣ ነው፣ እወደዋለሁ፤ ግን ትልቅ ይሆናል፣ ጠበኛ ነው። አንተ ሰላማዊ ቤት ነው የምትፈልገው" አለኝ። ስለዚህ ክላውንፊሾቹ የቀይ ባሕር አይደሉም፤ ትንንሾቹ፣ ከባሕር ያልተነጠቁ፣ በእርባታ የተፈለፈሉት ሆኑ። እነሱም ከ10 ዓመት በላይ ሊኖሩ ይችላሉ፤ የሚገዛ ሰው ይህንን ይወቅ።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። በጣም ፈሪው መጀመሪያ ይገባል፣ ቦታ የሚይዘው መጨረሻ። መጀመሪያ ፋየርፊሽ አስገባን፤ ግማሹ ነጭ፣ ጭራው እሳት የመሰለ ነው። ሲደነግጥ ይዘልላል፤ ሳጥኑ ላይ ወንፊት የመሰለ መረብ ካልተደረገ ጠዋት ምንጣፍ ላይ ደርቆ ይገኛል። ቀጥሎ ጎቢ የሚባለው ቢጫ ዓሣ ከሽሪምፑ ጋር። ክላውንፊሾቹ በመጨረሻ። በየመሀሉ ሁለትና ሦስት ሳምንት እየጠበቅን፣ ባክቴሪያው ለተጨመረው አፍ እንዲደርስ። አራት ዓሣ፣ በቃ። ሲመጡም ከነከረጢታቸው ውሃው ላይ ይንሳፈፉና ሙቀቱን ይለማመዳሉ፤ ከዚያ ከሳጥኑ ውሃ በጠብታ እየተጨመረላቸው ጨዉን ይለምዱታል፤ የሱቁ ውሃ ግን ወደ ሳጥኑ አይደፋም። ምግብ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ወዲያው የሚያልቅ ያህል ብቻ። የእፍኙ ዘመን አብቅቷል።

ስለ ጎቢውና ሽሪምፑ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሽሪምፑ ዓይኑ እምብዛም አያይም። ቀኑን ሙሉ ከድንጋዩ ስር ጉድጓድ ይቆፍራል፣ አሸዋ እየገፋ ያወጣል። ጎቢው መቆፈር አይችልም፤ ዓይኑ ግን ጥሩ ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሽሪምፑ በወጣ ቁጥር አንዱን ረጅም አንቴናውን ጎቢው ላይ ያሳርፋል። አደጋ ካለ ጎቢው ጭራውን ያንቀጠቅጣል፣ ሁለቱም ወደ ውስጥ። ቤቱን አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይጠብቃል። ሱብሐነላህ!

እናቴ ወንበሯን ከዚያ በር ፊት ለፊት አደረገች። ሰዓታት ትቀመጣለች። አንድ ማታ ከሥራ ስገባ ስልክ ይዛ ታወራለች፤ የምታወራው ኮምቦልቻ ካለችው የግድግዳ ጎረቤቷ ጋር ነው። ሴትየዋ ዓይኗ ከጠፋ 6 ዓመት ሆኗታል። እናቴ ሰርግም፣ ለቅሶም፣ ጤና ጣቢያም እጇን ይዛ የምትወስዳት እሷን ነበር። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ስልኩን ስትዘጋ "ማን ይመራታል እዚያ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዓይኗ ጎቢው ላይ ነው።

በጥር አንድ ሌሊት በረዶው መብራት አጠፋብን፤ ለ7 ሰዓት። ፓምፑ ቆመ፣ ማሞቂያው ቆመ። እናቴ ጋቢዋን አውልቃ ሳጥኑን ጠቀለለችው፤ ከዚያ በጣሳ ውሃውን ከላይ እየቀዳች ከፍ አድርጋ መልሳ ታፈስሳለች፣ አየር እንዲገባው። ልጆቹ፣ እኔ፣ ሚስቴም ጭምር ተራ ገባን። እስከ ሱብሒ። አንድም አልሞተብንም፣ አልሐምዱሊላህ። ያን ጊዜ "ከእንግዲህ አትሄድም" ብዬ በልቤ ደምድሜ ነበር።

ውሃ መሙላት የእሷ ሥራ ሆኖ ነበር። ከአኳሪየሙ በየቀኑ ውሃ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም፤ ስለዚህ የጎደለው በጨው ውሃ ሳይሆን በጣፋጭ ውሃ ነው የሚሞላው። ይህን ስነግራት "አፍዴራ አይደለም እንዴ? ውሃው ይሄዳል፣ ጨዉ ይቀራል፤ አባትህ ስንቴ ነግሮናል" ብላ ገና ሳልጨርስ ገባት። ከሱብሒ ሶላት በኋላ መስታወቱ ላይ ያሰመርንበትን ምልክት አይታ ትሞላለች። በየሳምንቱ ደግሞ ከውሃው አንድ አሥረኛውን እኔ እቀይራለሁ።

በመጋቢት መጨረሻ፣ ጁሙዓ ዕለት፣ "ትኬት ቁረጥልኝ" አለች። እንደ ድሮው በደከመ ድምፅ አልነበረም። "የዓሣ ቤት ሠርተህ ልታስቀረኝ ነበር፤ አውቄብሃለሁ። አላህ ይስጥህ፣ ደስ ብሎኛል። ግን እዚያ አንቴናዋን የምታሳርፍብኝ ሴት አለች" አለችኝ። በዚያ ቀን "ኢንሻአላህ" ያልኩት የእውነቱን ነው። ቆረጥኩላት።

ልትሄድ ሰሞን ለልጄ ምልክቱን እንዴት እንደምታይ፣ ስንት ኩባያ እንደምትጨምር አሳየቻት። ሸኝተናት ስንመለስ ሳጥኑ ውስጥ አዲስ ነገር አየሁ። የአሰቧን ዛጎል ከድንጋዩ አጠገብ አሸዋው ላይ አስቀምጣታለች። ወደ ሱዳናዊው ወዳጄ ደወልኩ፤ "ቀለም ወይም ቫርኒሽ ካልነካትና ታጥባ ከሆነ አትጎዳም" አለኝ። ልጄን ጠየቅኳት፤ አያቷ ከመሄዷ በፊት ሦስት ቀን ሙሉ በተጣራ ውሃ ስትዘፈዝፋት ነበር።

ይኸው አሁን ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። ለዚያ ለቅዳሜው እንግዳዬ ከድንጋዮቹ አንዱን በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጥቼዋለሁ፤ ሳጥኑን ይግዛ፣ ዓሣውን ግን ከ6 ሳምንት በኋላ ብለናል። እናቴ ስትደውል ከልጆቹ ጤና ቀጥላ የምትጠይቀው "ውሃው ጎድሏል?" ብላ ነው። ባለፈው ዛጎሏን አልጌ ሙሉ በሙሉ እንዳለበሳት፣ አረንጓዴ እንደሆነች፣ መልኳ እንደማይታይ ነገርኳት።

"አውጥቼ ልጥረጋት?" አልኳት።

"ተዋት" አለችኝ። "ከባሕር አይደል የመጣችው።"